ተያዡ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ቡናው እስኪፈላ አንድ ነገር ላውጋችሁ። ነገሩ የሆነው እዚሁ ሆዳን ነው፤ ጅቡቲ ከተማ፣ ከአምቡሊ ማዶ፣ ባልባላ ውስጥ። አምቡሊ የሚሉት ወንዝ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፤ የተቆጣ ቀን ግን ቤት ጠራርጎ ባሕር ይከታል። የሰፈሩን ስም የሰማ አበሻ ሁሉ መጀመሪያ ቀን «ሆዳም» የሚለው ቃል ጆሮው ላይ እየመጣ ይስቃል፤ እኔም ስቄያለሁ። በሶማልኛ ግን ሆዳን ሀብት፣ ብልጽግና ማለት ነው፤ ለሴት ልጅም ስም ይሆናል። ብሎኬቱን፣ ቆርቆሮውን፣ ካርቶን የምታመነዥክ ፍየሏን፣ በየደጁ የተደረደረውን የውሃ በርሜል ስታዩ ግን ስሙ ከሰፈሩ ቀድሞ የደረሰ ይመስላችኋል።

በአንድ ግቢ ሦስት በር ነበርን። አንዱ በር የእኔ ነው። እኔ የትራንዚት ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ጅቡቲ የገባሁት በ2004 ዓ.ም. ነው፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ በመስመር እዚህ ከተማ የገባበት ሰሞን ስለነበር «እኔና መብራቱ አብረን መጣን» እያልኩ እቀልዳለሁ። እሱን ፈቃድ የጠየቀው የለም። እኔ ይኸው እስከ ዛሬ በየዓመቱ እታደሳለሁ።

ሁለተኛው በር የወሎዋ ነበር። ጎህ ሳይቀድ በሚኒባስ ወርዳ ሄሮን ሰፈር አንዲት መዳም ቤት ትሠራ ነበር፤ ማታ ተመልሳ ቡና ታፈላልን ነበር። ሦስተኛው በር የድሬው ልጅ ነበር፤ የዛሬው ወሬ የእሱ ነው። ስማቸውን አልጠራም። ወረቀት ያለበት ነገር ስም አይወድም።

የድሬው ልጅ ማስተርስ ያለው ነው። ሳቁ! ሆዳን፣ ሦስት በር ግቢ ውስጥ፣ አንድ ሽንት ቤት ለሦስት ሰው፣ ማስተርስ። አያቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ እስኪገባ ሌላ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ፈጀ። የድሬ ሰው የኖረው በዚያ ሐዲድ ነው፤ ፈረንሳይኛውም ከዚያ ነው የመጣው። «ለገሀር» ራሱ የፈረንሳዮቹ «ላ ጋር» አይደል? ልጁ እንደሚለው አያቱ የኩባንያውን ወረቀት ደረት ኪሳቸው ከትተው ከድሬ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ ድሬ ሲመላለሱ «የት አገር ነህ?» ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም። «የማን ሠራተኛ ነህ?» ነበር ጥያቄው። እና ልጁ ይህን ሲያወራ «አቦ ጋሼ፣ መቶ ዓመት ሙሉ ጥያቄው አልተቀየረም» ይላል።

በድሬ አሊያንስ ፈረንሳይኛ ተምሮ፣ አዲስ አበባ ዲግሪውን ይዞ፣ ለማስተርስ ፈረንሳይ ሄደ። ለ ሃቭር። ለ ሃቭር የወደብ ከተማ ናት፤ የተማረውም የወደብና የጭነት ሥራ ነው። የኢትዮጵያ ልጅ ወደብ መማሩ የማይገባው ካለ እዚህ መጥቶ ይይ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ አሰብ ቀረብን፤ ያ ሁሉ ስንዴ፣ ነዳጅ፣ ብረት፣ ማዳበሪያ በዚህች ትንሽ አገር በኩል ሆነ። ፒኬ 12 የሚሉት ቦታ ወጥታችሁ የቆመውን የኢትዮጵያ ከባድ መኪና ብትቆጥሩ ይመሽባችኋል። ባሕር የሌለው ሰው ነው ወደብ መማር ያለበት።

ተመረቀ። ፈረንሳይ በማስተርስ ለተመረቀ የውጭ ተማሪ ሥራ የሚፈልግበት የአሥራ ሁለት ወር ካርድ ትሰጣለች። አሥራ ሁለት ወር ብዙ ይመስላል፤ ሲቆጠር ግን እንደ ዐቢይ ጾም አይደለም፣ እንደ ደሞዝ ነው፤ መጣ ሲባል ያልቃል። በስምንተኛው ወር አንድ የጭነት አስተላላፊ ቤት ወደደው፤ ሊቀጥረው ፈለገ። እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ። ቀጣሪው ነው ለልጁ የሥራ ፈቃድ የሚጠይቀው። ደሞዙ የአገሩን ዝቅተኛ ደሞዝ አንድ ተኩል እጥፍ ከሞላ ነገሩ ቀላል ነው። ካልሞላ ግን፣ ሰው የጠፋበት ሙያ ካልሆነ በቀር፣ ቀጣሪው «ለዚህ ሥራ እዚሁ ያለ ሰው ፈልጌ አጣሁ» ብሎ ማስረዳት ይኖርበታል። የእኛ ልጅ ደሞዝ ለጥቂት አልሞላም። ሰውየው ደግሞ ደግ ነው፣ ግን ሥራ የበዛበት ሰው ነው፤ ቅጹን «ሰኞ እሞላዋለሁ» አለ። ስንት ሰኞ እንዳለፈ ልጁ ዛሬም በጣቱ ይቆጥራል። ካርዱ አለቀ።

ድሬ እንዳይመለስ እናቱ ጎረቤቱን ሰብስባ ነው የሸኘችው። ባዶ እጅ አይገባም። እና አንድ የሚያውቀው የወደብ ሰው «ጅቡቲ ና፤ ፈረንሳይኛ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛ የሚናገር፣ ከዚያ ላይ ዲፕሎማ ያለው ሰው እንፈልጋለን» ሲለው መጣ። ወርሃዊ ደሞዙ 140,000 ፍራንክ። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ177.721 ላይ እንደ ሚስማር ተመትቶ የቆመ ነው፤ ስለዚህ ወደ 790 ዶላር በሉት። ብራችን እንዲያ ሲዋዥቅ ፍራንኩ አለመነቃነቁ ነው ብዙ ሰው እዚህ ያስቀረው። ቤት ኪራይ ርካሽ ወደሆነበት ሆዳን ወጣ። ጎረቤቴ ሆነ።

የመጀመሪያው ማታ ቡና ላይ የወሎዋ ጠየቀችው። «አንተ የተማርክ ነህ፤ የሴጁርህን ነገር ማን ይዞልሃል?» ሴጁር የሚሉት የመኖሪያ ፈቃዱን ነው።

«ፓትሮኔ» አላት፤ ቀጣሪዬ ማለቱ ነው።

«እኔንም መዳም» አለችና ሳቀች። ስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው።

ያን ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ብዙ አሰብኩ። አገር ቤት እያለሁ ገንዘብ ያዥ ሆኜ ስቀጠር ተያዥ አምጣ ተብዬ ነበር። ታውቁታላችሁ፤ ደሞዝተኛ ዘመድ ትፈልጋለህ፣ ትለምናለህ፣ መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ብትጠፋ እሱ ይያዛል። ሠራተኛው ለቀጣሪው ተያዥ ያመጣል ማለት ነው። ስደት ላይ ነገሩ ተገለበጠ። ቀጣሪህ ራሱ ነው ተያዥህ። በአገሩ መንግሥት ፊት «እኔ ነኝ ያመጣሁት፣ የእኔ ነው» የሚልልህ እሱ ነው። ከእሱ ጋር ከተጣላህ የተጣላኸው ከአለቃህ ጋር ብቻ አይደለም፤ ከተያዥህም፣ ከቤትህም፣ ከአገሩም ጋር ነው። አባቶቻችን ቁራኛ የሚሉት ነገር ነበራቸው፤ ከሳሽና ተከሳሽ የነጠላቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ ዳኛ ፊት እስኪቆሙ አብረው ይውሉ፣ አብረው ያድሩ ነበር። ቋጠሮው ከሁለቱም ወገን ነው፣ እውነት ነው። ግን አንዱ ሲጎትት ሌላው ይወድቃል።

እዚህ አገር ወረቀቱ እንዲህ ነው። የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው አኔፊፕ የሚባለው የሥራ ቅጥር ኤጀንሲ ነው። ኮንትራት፣ የፓትሮን ደብዳቤ፣ ማኅተም። ፈቃዱ ሲገኝ ሴጁር ይከተላል። ጉዳዩ በሂደት ላይ እያለ የምትይዛት ወረቀት ሬሴፒሴ ትባላለች፤ ደረት ኪስ ውስጥ በላብ ትለሰልሳለች፣ በሦስተኛው ሳምንት እንደ ጨርቅ ትሆናለች። የድሬው ልጅ የኬክ ማሸጊያ ላስቲክ አጥቦ ነበር ሬሴፒሴውን የሚያኖርባት። እንደ ክታብ። እኔ አሥራ ምናምን ዓመት ስኖር ያደስኩትን ካርድ ሁሉ አስቀምጬዋለሁ፤ ደርቤ ሳየው የገዛ ፊቴ እያረጀ ሲሄድ እንደ ፊልም ያልፋል። «ከዚህ በኋላ ማደስ አያስፈልግህም፤ ማንም ቢቀጥርህ፣ ማንም ባይቀጥርህም የዚህ ነህ» የሚል ካርድ ለእኔ ቢጤ ሲሰጥ አላየሁም። ዜግነት አለ፤ በ1997 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ቢያንስ አሥር ዓመት የዘለቀ ነዋሪነት ይጠይቃል። አሥር ዓመት የሚዘልቅ ፓትሮን ያለው ሰው ካለ ያሳዩኝ።

ጅቡቲን ላማ አይደለም፤ አብልታኛለች። ሌላም ጋ ቢሆን ያው ቁራኛ ነው፤ ልዩነቱ የቋጠሮው ርዝመት ነው። ይህን ያወቅሁት ከልጁ ስልክ ነው። ማታ ማታ ክሊም፣ የአየር ማቀዝቀዣ፣ ስለሌለን ፍራሻችንን ሰገነት ላይ አውጥተን ነው የምንተኛው፤ እሱ ደግሞ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ነው የሚያወራው። ከለ ሃቭር አብሮት የተመረቀ የጎንደር ልጅ አለ፤ ሃምቡርግ ገብቶ ብሉ ካርድ የሚሉትን ይዟል። እሱም ያለ ቀጣሪ አይኖርም፤ ግን ጀርመንኛውን ቢ አንድ ደረጃ ካደረሰ ጡረታውን እየከፈለ በ21ኛው ወር ቋሚ መኖሪያ መጠየቅ ይችላል። «ጋሼ ሰማህ? ሃያ አንድ!» ይለኛል የድሬው። ሰማሁ። የጎንደሩ ልጅ ደውሎ የሚያወራው ስለ ሥራ አይደለም፤ ስለ ዴር፣ ዲ፣ ዳስ ነው። ቋንቋው አቅሉን አስቶታል፤ ነገር ግን የሚቆጥረው ወር መጨረሻ አለው።

አሜሪካ ያለ የአክስቱ ልጅም አለ፤ ኮምፒውተር ነው የተማረው። ከተመረቀ በኋላ አንድ ዓመት፣ ትምህርቱ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ስለሆነ ሁለት ዓመት ተጨምሮለት፣ ከዚያ ዕጣ። አዎ ዕጣ! ቀጣሪህ ስምህን ያስገባል፤ በዓመት 85,000 ቦታ ነው፤ የቀረው በሚቀጥለው መጋቢት። ወጣለት። የወጣለት ማታ ሰገነቱ ላይ ሆነን እልል ብለናል፤ ጎረቤት ሕፃን ተወለደ ብሎ ወጣ። በዓመቱ ኩባንያው ሠራተኛ ቀነሰ። ስድሳ ቀን። በስድሳ ቀን ሌላ ተያዥ ካላገኘ መውጣት ነው። በሃምሳ አራተኛው ቀን አገኘ፤ በፊት ከሚያገኘው አንሶ። «ሌላ አማራጭ እንደሌለኝ ከሲቪዬ ላይ አነበቡት» አለ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ፣ በመስከረም 2018 ዓ.ም.፣ ፕሬዚዳንቱ በአዲስ ማመልከቻ ላይ 100,000 ዶላር ክፍያ አስቀመጡ። ለአንድ ሰው ተያዥ ለመሆን መቶ ሺሕ ዶላር! አገር ቤት ለእኔ የተያዘልኝ አጎቴ አንድ ኪሎ ቅቤ ነው የወሰደው፤ እሱንም አልመለሰም።

ካናዳ ግን ገርሞኛል። እነሱ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ለቋሚ መኖሪያ በሚቆጥሩት ነጥብ ላይ ከቀጣሪ የተገኘ የሥራ ደብዳቤ የሚያስገኘውን ነጥብ ጭራሽ አነሡት። ደብዳቤው እንደ ዕቃ እየተሸጠ ስላስቸገራቸው ነው። ተያዥነት ዋጋ ካለው ገበያ ይወጣል፤ ይህን እኛ ሆዳን ቁጭ ብለን ልንነግራቸው እንችል ነበር።

ወደ ወሬዬ ሳልመለስ አንድ ነገር ልጨምር።

ይህ የተቀመጥንበት መሬት ራሱ የወረቀት ታሪክ አለው። በነሐሴ 1958 ዓ.ም. ደጎል ጅቡቲን ሲጎበኙ ሕዝቡ ነፃነት እያለ ወጣባቸው። ከዚያ በኋላ ፈረንሳዮቹ ከተማዋን 14 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም የእሾህ ሽቦ አጠሯት። ሽማግሌዎቹ ዛሬም «ባራዥ» ይሉታል። ወረቀት ያለው ውስጥ፣ የሌለው ውጭ። ውጭ የቀረው ሰው የሚገባበትን ቀን እየጠበቀ ጎጆ ቀለሰ፤ ጎጆ በጎጆ ላይ ሲደረብ ባልባላ ሆነ። ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ነፃነት መጣ፣ ሽቦውም በኋላ ተነቀለ። ሰው ግን አካባቢውን ሲያልፍ ደረት ኪሱን የመዳበስ ልማድ አልለቀቀውም፤ እኔ ራሴ ሚኒባሱ አምቡሊን ሲሻገር እጄ ሳላዘው ወደ ኪሴ ይሄዳል። በ1995 ዓ.ም. ክረምት እንዲሁ «ወረቀት የሌለው እስከ ነሐሴ መጨረሻ ይውጣ» ተብሎ ነበር፤ ቀኑ ተራዝሞ እስኪያልቅ ብዙ አሥር ሺሕ ሰው፣ አብዛኛው የእኛና የሶማሌ ሰው፣ ዕቃውን ተሸክሞ ወጣ። የዚያን ጊዜ የነበሩ ሲያወሩት ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ራፍል፣ አፈሳ ማለት ነው፣ የሚለውን ቃል የሆዳን ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል፤ ፖሊስና ሌባ የሚጫወቱበት ስም ነው።

አሁን ወደ ወሬዬ። ሚያዝያ 2017 ዓ.ም. መጣ። የድሬው ልጅ ፈቃድ የካቲት ላይ አልቋል። ፓትሮኑ አንድ ትልቅ የጭነት ደንበኛ አጥቶ ተበሳጭቷል፤ ደብዳቤው «እየተጻፈ ነው»። ለ ሃቭር ሰኞ ነበር፤ እዚህ ደግሞ እሑድ ሆነ፣ ሳምንቱ እሑድ ስለሚጀምር። በዚህ መሀል መንግሥት ወረቀት የሌላቸው የውጭ ዜጎች እስከ ሜይ 2 አገር ለቅቀው እንዲወጡ አስታወቀ። በእኛ ሲቆጠር ሚያዝያ 24 ነው። እኔ ቀን ማገናኘት የማልተው ሰው ነኝና ደንገጥ አልኩ። በ1928 ዓ.ም. ጃንሆይ ጣሊያን ሲደርስባቸው ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሥተው ወደዚህችው ጅቡቲ የወጡት ሚያዝያ 24 ነው። ንጉሥም በዚያ ቀን ባቡር ይሳፈራል ለካ። ይህን ለልጁ ስነግረው «ጋሼ፣ እሳቸውን የእንግሊዝ መርከብ ነው የጠበቃቸው አቦ» አለኝ። ልክ ነው፤ ተያዥ ነበራቸው።

አሁን ቀኑን ተመልከቱልኝ። ሚያዝያ 24 ዓርብ ነው፤ እዚህ ዓርብና ቅዳሜ ዝግ ነው። ሐሙስ ደግሞ ሜይ አንድ፣ የዓለም የሠራተኞች ቀን፣ በዓል። የሠራተኛው በዓል ሠራተኛውን አንድ ቀን በላበት። ስለዚህ የቀረው ረቡዕ ብቻ ነበር። ረቡዕም ቢሆን እስከ እኩለ ቀን ነው፤ ሰባት ሰዓት ግድም ጫቱ ከእኛ አገር ይደርሳል፣ ከዚያ በኋላ በዚህ ከተማ ፊርማ መፈለግ በበረሃ ዓሣ መፈለግ ነው።

ረቡዕ ጠዋት አብሬው ወረድኩ። ፓትሮኑ ዱባይ ነው። ደብዳቤው ተጽፏል፣ በስልክ አየነው፣ ፊርማውም ከዱባይ መጥቷል፤ የቀረው ታምፖን፣ ማኅተሙ፣ ነው። ታምፖኑ መሳቢያ ውስጥ ነው። የመሳቢያው ቁልፍ ገንዘብ ያዧ ጋ ነው። ገንዘብ ያዧ ባንክ ናት። ጸሐፊዋ «ተቀመጡ» አለችን፤ ተቀመጥን። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት የኢትዮጵያ ካርጎ ስጦታ ስለነበር ሳየው ቆየሁ። አራት ሰዓት ተኩል። አምስት። ልጁ ፈረንሳይ የተማረበትን ዲፕሎማ ኮፒ ከፎልደሩ አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፤ ማንም አልጠየቀውም። አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ ሴትየዋ ገባች፣ ጫማዋን ሳትቀይር መሳቢያውን ከፈተች፣ ታምፖኑ ደርቋል። ምራቋን ብትጠቀም ምን ይላታል ብዬ ሳስብ ቀለም አገኘች። ጠቅ። እኔ ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። አረንጓዴና ነጭ ታክሲ ይዘን በረርን፤ መስኮቱ ጋ የደረስነው ሊዘጋ ሲል ነው። ያለው ሰው ወረቀቱን አየ፣ ልጁን አየ፣ ተቀበለው። ሬሴፒሴ። ሦስት ወር።

የወሎዋ መዳም ግን ደብዳቤ አልጻፈችም። ክፉ ሆና አይደለም፤ «በዓሉ ይለፍና» አለች። የወሎዋ ሐሙስ ሌሊት ወደ ደወሌ በሚሄድ አውቶቡስ ተሳፈረች። «ሲያባርሩኝ ከምሄድ እየሄድኩ ልባረር» አለችን። ጀበናዋን ለእኔ ተወችልኝ፤ ይህን የምትጠጡትን ያፈላሁት በዚችው ጀበና ነው።

ሐምሌ ላይ ከምሲን ነፈሰ። የከምሲን ነፋስ የማያውቅ ሰው ዳቦ ቤት ገብቶ ምድጃው አፍ ላይ ይቁም። ሬሴፒሴው አልቋል፤ አዲስ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ፓትሮኑ ጠራውና ክሊም ያለበት ክፍል አስቀምጦ በትሕትና ነገረው፦ ገበያው ቀዝቅዟል፣ አዲሱ ኮንትራት በ100,000 ፍራንክ ነው፣ ደብዳቤው ግን ዛሬውኑ ይታተማል። አርባ ሺሕ ተቀነሰ ማለት ነው። ሰውየው ወረቀቱን አላነሣበትም፣ አላስፈራራውም። አላስፈለገውም። ደብዳቤውና ኮንትራቱ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ነበሩ፤ አንዱን ለማንሣት ሌላውን መፈረም ነው።

ማታ መጥቶ ነገረኝ። እኔ ደግሞ ለማንም ያልነገርኩትን ያን ማታ ነገርኩት። በ2008 ዓ.ም. ለእኔም እንዲሁ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ተቀምጦልኝ ነበር፤ ሌላ ቤት ነው፣ ሌላ ሰው ነው። ፈርሜያለሁ። ብዕሩንም እሱው አቀበለኝ። ሚስቴ ወልዳ ስለነበር፣ ልጄ ትምህርት ቤት ስለነበር፣ ስለ ብዙ ነገር። ከዚያ ወዲህ ጭማሪ ጠይቄ አላውቅም። ሰው የሚቀንስልህን ደሞዝ ነው የምታየው፤ ሳትጠይቀው የሚቀረውን ማን ይቆጥረዋል?

ልጁ ዝም ብሎ ሰማኝ። «ጋሼ፣ ልጅ የለኝም» አለ። ጠዋት ሳይፈርም ቀረ። በነጋድ ጣቢያ በአዲሱ ባቡር፣ ያ በ2010 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር፣ ድሬ ገባ። እናቱ ጎረቤቱን አልጠራችም አለኝ፤ በሩን ዘግታ ዶሮ ሠራችለት።

የሃምቡርጉ ልጅ ኅዳር ላይ የቋሚ መኖሪያ ካርዱን አገኘ። ለድሬው ፎቶውን ላከለት፣ የድሬው ለእኔ ላከልኝ፣ እኔ ለወሎዋ ላክሁላት። የሦስታችንም ያልሆነ ካርድ ስልካችን ውስጥ አለ።

አሁን ደግሞ ስሙኝ፤ ሳምንት አልሆነውም። የድሬው ደወለ። ሞጆ፣ ደረቅ ወደቡ አካባቢ፣ አንድ የጭነት ቤት ሥራ አገኘ። ጥሩ ሥራ፣ የተማረበት ሥራ፣ ዕቃ ግምጃ ቤቱን ሁሉ የሚረከብበት። ደስ አለኝ። ድምፁ ግን ደስ አላለኝም።

«ምነው አንተ ልጅ?»

«ጋሼ፣ ተያዥ አምጣ አሉኝ አቦ።»

እግዜር ያሳያችሁ፣ የያዝኩት ብርጭቆ እስኪወድቅ ሳቅሁ። እሱም ሳቀ። ሁለታችንም እንባችን እስኪወጣ ስቀን ስንጨርስ «የምሬን ነው፤ ደሞዙ ከእኔ የማያንስ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ቋሚ ሠራተኛ ነው የሚሉት» አለኝ። እኔ አልሆንም፤ ደሞዜ የጅቡቲ ነው። ስልኬን ከላይ እስከ ታች ብዘረግፈው አንዱ ቶሮንቶ ነው፣ አንዷ ቤሩት፣ አንዱ ሚኒያፖሊስ፣ አንዱ ጡረታ ወጥቷል፣ ቅቤ የወሰደው አጎቴ ሞቷል። ማን ቀረ? የወሎዋ። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ስፌት ቤት ቋሚ ሆናለች፣ ወረቀቷ የተሟላ ነው። ደወልኩላት፤ ሳታስብ «እይዝለታለሁ» አለች። ቀጣሪዎቹ ወረቀቷን ወሰዱ፣ አዩ፣ «ደሞዟ ግማሽ ነው፤ ሌላ ሰው ይጨመር» አሉ።

እና እስከ ማክሰኞ ጊዜ ሰጥተውታል። ግማሽ ተያዥ አለን። ለዚህ ነው ቡና ያፈላሁላችሁ። ከእናንተ መሀል አገር ቤት ደሞዝተኛ ዘመድ ያለው አለ?